አርጎን ከፖታሲየም ይከብዳል፤ ታዲያ ለምን ቀደመው?

ጥያቄው ከአንድ አባት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ንጥረ ነገሮች በፔርዮዲክ ቴብል ላይ የተደረደሩት ከቀላል ወደ ከባድ ነው ብዬ ሳስረዳት 18 ቁጥርንና 19 ቁጥርን አሳየችኝ። አርጎን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10 ይላል። ከባዱ ቀድሟል። የኅትመት ስህተት ነው ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? ፈተና ላይ ቢመጣስ ምን ትበል?»

ጤና ይስጥልኝ። ከመልሱ በፊት ልጅዎን «ጎበዝ» ይበሉልኝ። ብዙ ተማሪ ሰንጠረዡን የሚያውቀው እንደ ዜማ ነው። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም እያለ ይወርደዋል። በየሳጥኗ ውስጥ ያለችውን ክብደት ከጎረቤቷ ጋር የሚያስተያይ ጥቂት ነው። እሷ አስተያይታለች። ያገኘችው ነገር ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት ትልልቆቹን ኬሚስቶች እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነው።

የኅትመት ስህተት አይደለም። ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። አርጎን በእርግጥም ከፖታሲየም ይከብዳል፤ ቦታው ግን ከፖታሲየም በፊት ነው። ልክ ያልሆነው «ከቀላል ወደ ከባድ» የሚለው ደንብ ነው። ሰንጠረዡ የሚደረደረው በአቶም ቁጥር ነው፤ ማለትም በአቶሙ አስኳል ውስጥ ባሉት ፕሮቶኖች ብዛት። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቶን ሲጨምር ክብደትም አብሮ ስለሚጨምር ሁለቱ ደንቦች አንድ ይመስላሉ። እርስዎም የተሸወዱት እዚህ ላይ ነው፤ አይፈረድብዎትም።

ለፈተና ይሄ ይበቃ ይሆናል። ልጅዎ ግን «እሺ፣ ለምን?» ማለቷ አይቀርም። ለእሷ ስል ትንሽ ልሂድበት።

አቶም መሃል ላይ አስኳል አለው፤ ኒውክለስ የምንለው። በውስጡ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ተጣብቀው ይኖራሉ። ፕሮቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ኒውትሮን ቻርጅ የለውም፤ ክብደቱ ግን ከፕሮቶን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዙሪያቸው ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። የእነሱ ክብደት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ፕሮቶን 1,836 ኤሌክትሮን ያህል ይመዝናል።

መጠኑን ለማየት ጓዳ ገብተው አንዲት የጤፍ ፍሬ ያምጡና መዳፍዎ ላይ ያስቀምጧት። የአርጎን አስኳል ይቺን ቢያህል፣ አቶሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ የኳስ ሜዳ ያህል በሆነ ነበር። ከጤፏ ውጭ ያለው ያ ሁሉ ቦታ የኤሌክትሮኖች ነው። ክብደቱ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያለው ጤፏ ውስጥ ነው።

ይህን ያዙልኝ፤ የጥያቄው መፍቻ እዚህ ነው። ክብደት የአስኳሉ ጉዳይ ነው። ጠባይ፣ ማለትም ከማን ጋር ይዋሃዳል፣ ይቃጠላል ወይስ ዝም ይላል የሚለው፣ የኤሌክትሮኖቹ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው። 18 ፕሮቶን ያለው አቶም ቻርጁ እንዲመጣጠን 18 ኤሌክትሮን ይይዛል። ኒውትሮን ቢጨመርበት ቢቀነስበት ይከብዳል ወይም ይቀላል እንጂ የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር አይነካም። ስለዚህ የአቶሙን ማንነት የሚወስነው ፕሮቶን ነው። 18 ከሆነ አርጎን ነው። 19 ከሆነ ፖታሲየም ነው። ሌላ መታወቂያ የለውም።

አሁን ሁለቱን ባለጉዳዮች በቅርብ እንያቸው። ፖታሲየም ውሃ ሲነካ በዓይኑ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አየርና እርጥበት እንዳይነካው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ተቀምጧል። መምህራችን በወረንጦ አወጣውና በቢላ ቆረጠው። ብረት ነው፤ ግን እንደ ደረቅ ቅቤ ይቆረጣል። የተቆረጠው ገጽ እንደ ብር አበራ፤ እያየነው ደበዘዘ። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ውሃ ላይ ጣለ። ቁራጯ ሐምራዊ ነበልባል ለብሳ ውሃው ላይ እየተሽከረከረች ሮጠች። ጥቂት ሴኮንድ ቆይታ ጠሽ ብላ ጠፋች። (ይህን ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው።)

አርጎንን ለማየት ደግሞ አሉሚኒየም የሚበየድበት ቤት ይሂዱ። «አርጎን ብየዳ» የሚሉት አለ። ጥግ ላይ ረጅም ሲሊንደር ቆሟል። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ በጋለው ብረት ላይ ይነፋል። የሚነፋበት ምክንያት ምንም ስለማይሠራ ነው። አይቃጠልም፣ አይዋሃድም፤ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብየዳው ላይ እንዳይደርስ ብቻ ይከልላል። ስሙ ራሱ «ሰነፍ» ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ተራራቁ? በኤሌክትሮን አቀማመጣቸው ነው። ኤሌክትሮኖች በአስኳሉ ዙሪያ በሽፋን በሽፋን ይቀመጣሉ። የአርጎን 18 ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 8 ሆነው ይደለደላሉ። የመጨረሻው ሽፋን በ8 ረግቷል፤ የሚሰጠውም የሚፈልገውም የለም። የፖታሲየም 19ኙ ደግሞ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ናቸው። ያቺ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻዋን ውጭ ቀርታለች። ፖታሲየም በትንሽ ሰበብ ይለቃታል፤ ውሃ ላይ ያ ሁሉ ግርግር የእሷ ነው።

ከፖታሲየም በላይ ያሉትን ልጅዎ ትይ። ሶዲየም 2፣ 8፣ 1 ነው። ሊቲየም 2፣ 1 ነው። ሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ ብቻ አላቸው፤ ሁሉም በቢላ የሚቆረጡ፣ ከውሃ ጋር የማይስማሙ ብረቶች ናቸው። ከአርጎን በላይ ኒዮን አለ፦ 2፣ 8። ከእሱ በላይ ሂሊየም፦ 2። ሁሉም የውጭ ሽፋናቸው የረጋ፣ ዝም ያሉ ጋዞች ናቸው። አምድ ማለት ይሄ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ከላይ ወደታች ተሰልፈው። ረድፍ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ፕሮቶን፣ አንድ አንድ ኤሌክትሮን እየጨመሩ መሄድ ነው። አዲስ ሽፋን ሲከፈት አዲስ ረድፍ ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም። ከ20 ቁጥር በኋላ ሦስተኛው ሽፋን ተመልሶ እስከ 18 ይሞላል። አራተኛው ረድፍ ከ8 ወደ 18 ንጥረ ነገር የሚዘለው በዚህ ነው። የረድፎቹ ርዝመት 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ነው፤ ሲደመር 118። ለ9ኛ ክፍል ግን የመጀመሪያዎቹን 20 በደንብ መያዝ ከሁሉም ይበልጣል።

እንግዲህ በእርስዎ ደንብ ብንሄድና ሁለቱን ብናቀያይራቸው ምን ይፈጠራል? አርጎን ከሶዲየም ሥር ይገባል። ፖታሲየም ከኒዮን ሥር። ዘይት ውስጥ የሚደበቀው ብረት ከሰነፎቹ ጋዞች ጋር ይሰለፋል። ሰንጠረዡ ትርጉሙን ያጣል።

ደንብዎ ግን ከየትም የመጣ አይደለም፤ ባለቤቱ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነው። በ1869 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 63 ያህል ንጥረ ነገሮች ይታወቁ ነበር። ስለ ፕሮቶን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አስኳልም ገና አልተገኘም። በእጁ የነበረው ክብደትና ጠባይ ብቻ ነው። በክብደት ሲደረድራቸው ጠባያቸው በየተወሰነ ርቀት ተመልሶ ሲመጣ አየ።

እኔ ሜንዴሌቭን የማከብረው በደረደረው ብቻ አይደለም። ክብደትና ጠባይ ሲጣሉ ለማን እንደሚፈርድ ስላወቀ ነው። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል። በክብደት ቢሄድ አዮዲን መቅደም ነበረበት። አዮዲን ግን በጠባዩ የክሎሪንና የብሮሚን ወንድም ነው። ሜንዴሌቭ ክብደቱን ትቶ አዮዲንን ከወንድሞቹ ሥር አስቀመጠው። የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ተለክቷል ብሎ ያምን ነበር። የለኩት ሰዎች ግን አልተሳሳቱም ነበር፤ ክብደቱ ልክ ነው። ቦታው ግን ዛሬም እሱ ባስቀመጠው ነው። ምክንያቱ ሳይሆን ቦታው ልክ ወጣ። ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮችም ባዶ ቦታ ተወ። ጋሊየም በ1875 ተገኘ፣ ስካንዲየም በ1879፣ ጀርመኒየም በ1886፤ ሁሉም በተተወላቸው ቦታ ገቡ።

በ1894 አርጎን መጣ። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ከአየር የሚወስደው ናይትሮጅን ከኬሚካል ከሚሠራው ናይትሮጅን በመቶ ግማሽ ገደማ እየከበደ አስቸገረው። ይህችን ትንሽ ልዩነት አልናቃትም። ከዊሊያም ራምሴ ጋር ሲከታተሏት አየር ውስጥ ተደብቆ የኖረ ጋዝ አገኙ። ክብደቱ 40 አካባቢ። ፖታሲየም 39፣ ካልሲየም 40። የት ይግባ? ሜንዴሌቭ ራሱ አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን ተጠራጠረ፤ ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች ተጣብቀው ይሆናል እስከማለት ደረሰ። ልጅዎ ያነሳችው ጥያቄ ያኔ ሜንዴሌቭንም አስቸግሮት ነበር ማለት ነው።

መልሱን ያመጣው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1911 ኧርነስት ራዘርፎርድ አቶም አስኳል እንዳለው አሳይቶ ነበር። በ1913 ሞዝሊ የተለያዩ ብረቶችን በኤሌክትሮን እየመታ የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካ። የኤክስሬዩ ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ በእኩል እርምጃ ይጨምራል። ልክ እንደ ደረጃ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ክብደት እንዲህ አይደለም፤ አንዴ በ1፣ አንዴ በ4 ይዘላል። ሞዝሊ የቆጠረው ደረጃ የአስኳሉ ቻርጅ ነው፤ ዛሬ የአቶም ቁጥር የምንለው። ኮባልት ከኒኬል ትንሽ ይከብዳል፤ በኤክስሬዩ ግን ኮባልት 27 ኒኬል 28 ሆኖ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት 43፣ 61 እና 75 ቁጥሮች ባለቤት እንደሌላቸው አሳወቀ። ኋላ አንድ በአንድ ተገኙ። እሱ ግን አላየም። በ1915 ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። የእሱ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል።

እስካሁን የመለስኩት ግማሹን ነው። አርጎን ለምን እንደቀደመ ተናገርኩ፤ ለምን እንደከበደ አልተናገርኩም። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይሄኛው ክፍል ነው።

የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ እኩል ፕሮቶን አላቸው፤ እኩል ኒውትሮን ግን የላቸውም። እነዚህ ልዩ ልዩ ዝርያዎች አይሶቶፕ ይባላሉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ክብደት የሁሉም አማካይ ነው። ፖታሲየምን እንውሰድ። ከ100 አቶሞቹ 93ቱ ክብደታቸው 39 ነው፦ 19 ፕሮቶን፣ 20 ኒውትሮን። 7 የሚጠጉት 41 ናቸው። አማካዩ 39.10 ይመጣል። አርጎን ደግሞ 36፣ 38 እና 40 የሚመዝኑ ዝርያዎች አሉት። እኛ አየር ውስጥ ያለው ግን በመቶ 99.6ቱ ባለ 40 ነው፦ 18 ፕሮቶን፣ 22 ኒውትሮን። ስለዚህ አማካዩ ወደ 40 ተጠግቶ 39.95 ሆነ። ፕሮቶኑ በአንድ አንሷል፤ ኒውትሮኑ በሁለት በልጧል። ሒሳቡ ይሄው ነው።

ግን ባለ 40 አርጎን ከየት ይሄን ያህል በዛ? ፀሐይ ላይ እንዲህ አይደለም። እዚያ የሚበዛው ባለ 36 አርጎን ነው። ልጅዎ የፀሐይን አርጎን ብትመዝን ኖሮ ከፖታሲየም ቀልሎ ታገኘው ነበር፤ ይህ ሁሉ ጥያቄም ባልተነሳ። የምድር አርጎን የከበደው በራሱ በጎረቤቱ በፖታሲየም ምክንያት ነው።

ከ10,000 የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ገደማ ክብደቱ 40 ነው። ይህ ፖታሲየም-40 አይረጋም። በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ይፈርሳል። ሲፈርስ ሁለት መንገድ አለው። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይቀየርና 20 ፕሮቶን ይሆናል፤ 20 ቁጥር ካልሲየም ነው። ከአሥሩ አንዱ ያህል ደግሞ አስኳሉ ከራሱ ኤሌክትሮኖች አንዷን ይውጥና አንድ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይቀየራል። 18 ፕሮቶን ይቀራል። 18 ቁጥር አርጎን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። አርጎን-40፣ ፖታሲየም-40፣ ካልሲየም-40። ሦስቱም 40 ናቸው። አንዱ ብየዳ ቤት ያለው ሰነፍ ጋዝ ነው። አንዱ ውሃ ላይ የሚነድ ብረት ነው። አንዱ አጥንታችን ውስጥ ያለው ነው። ክብደታቸው ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ስማቸውና ጠባያቸው የተለያየው 18፣ 19 እና 20 ስለሆኑ ብቻ ነው። ልጅዎ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይቺን እንድትይዝ እፈልጋለሁ።

ፖታሲየም በድንጋይ ውስጥ ሞልቷል። ምድር ከተፈጠረች ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ የተወለደው አርጎን በእሳተ ገሞራና በድንጋይ መፍረስ ቀስ እያለ ወደ አየር ወጣ። ዛሬ አየራችን በመቶ 0.93 አርጎን ነው። አሁን ይህን እያነበቡ የሚስቡት አየር ከመቶ አንድ የሚጠጋው አንድ ጊዜ ድንጋይ ውስጥ የነበረ ፖታሲየም ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ነገር ለእኛ ሌላም ትርጉም አለው። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት ሲባል ልጅዎ ሰምታለች። በ1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው። ዕድሜዋን ማን ነገራቸው? አጥንቷ አይደለም። እነዚሁ ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ 18 እና 19።

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በግለቱ ውስጥ አርጎን አይቆይም፤ ከማንም ጋር ስለማይዋሃድ ያመልጣል። ፖታሲየም ግን ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በክሪስታሉ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ክሪስታሉ ውስጥ የሚወለድ እያንዳንዱ አርጎን መውጫ የለውም። ባለሙያዎች ከድንቅነሽ አጥንት በታች ካለው የአመድ ንጣፍ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ክሪስታሎችን ለቀሙ፣ በሌዘር አቀለጡ፣ የወጣውን አርጎን ቆጠሩ። 3.18 ሚሊዮን ዓመት ወጣ። ምን ያህል ረቂቅ ሥራ እንደሆነ ልንገርዎት። በ3.18 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ1,000 የፖታሲየም-40 አቶሞች የፈረሱት ሁለት አይሞሉም። ከፈረሱትም አርጎን የሆነው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። ያንን ነው የሚቆጥሩት።

ዘዴው ውስጥ ደግሞ የእኛን ጉዳይ እንደገና የሚያሳይ ነገር አለ። ፖታሲየምንም አርጎንንም በአንድ መሣሪያ ለመለካት፣ ክሪስታሉን አስቀድመው ኒውክለር ሪአክተር ውስጥ ያስገቡታል። ኒውትሮን ይገባል፣ ፕሮቶን ይወጣል። ፖታሲየም-39 ወደ አርጎን-39 ይለወጣል። ክብደቱ ያው 39፤ ፕሮቶኑ ግን ከ19 ወደ 18 ስለወረደ ስሙም ጠባዩም ተለወጠ። ብረት የነበረው ጋዝ ሆነ።

ወደ ፈተናው ልመለስ። «ንጥረ ነገሮች በዘመናዊው ፔርዮዲክ ቴብል በምን ቅደም ተከተል ተደረደሩ?» ቢባል መልሱ «በአቶም ቁጥር» ነው። «ሜንዴሌቭ በምን ደረደረ?» ቢባል «በአቶም ክብደት»። ሁለቱ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ ዓመቱንና ስሙን አይታ ትመልስ። የአርጎንና የፖታሲየም ነገር ከመጣ «አርጎን ብዙ ኒውትሮን ያለው አይሶቶፑ ስለሚበዛ ይከብዳል፤ ፕሮቶኑ ግን በአንድ ያንሳል» ካለች ሙሉ ነው።

ስትጨርስ ሰንጠረዡን ይዛ ሌሎቹን ትፈልግ። 27 እና 28ን ከላይ ነግሬአታለሁ። 52 እና 53 ቴሉሪየምና አዮዲን ናቸው፦ 127.60 እና 126.90። አዮዲን በተፈጥሮ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፣ ባለ 127። ከቴሉሪየም አቶሞች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 128 እና 130 ናቸው። ከታች፣ ለብቻቸው ከተቀመጡት ሁለት ረድፎች ውስጥ፣ 90 እና 91 ላይ ደግሞ አንድ ጥንድ አለ። የእሱን ምክንያት አልነግራትም። የእያንዳንዳቸውን ፕሮቶን ከክብደቱ ቀንሳ ኒውትሮኑን ታውጣና ራሷ ትንገረኝ።